የላይኛው ማድቤት ቢላዋ

ከሂርና በላይ፣ ጋራው ላይ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለሳህሊቱ፣ አሰቦት ገዳም

እማዬ፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ዘጠኝ ቀን አሳልፌ እንኳን አደረሰሽ ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ቁጭ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። አራቱም የእንግዳ ጎጆዎች ሞልተው፣ የተረፉት ሰዎች የማሽላ ጎተራው ሥር ካልተኛን ብለው ለመኑኝ። ስልክሽን ለእየሩስ ሰጥተሽ ገዳም ባትገቢ ኖሮ በዚያው ቀን ደውዬ አስቅሽ ነበር። አሁን ደብዳቤዬ በአብዱላሂ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ አሰቦት ከተማ እየሩስ ሱቅ አድሮ፣ ከዚያ ተራራውን ከሰው ጋር በእግር ስለሚወጣ ቀልዴ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል።

ጤናሽ እንዴት ነው ላልሽኝ ደህና ነኝ። የጓሮው የአገዳ አጥር ረገፈ ወይ ላልሽኝም፣ በአዲስ አገዳ አሳጥሬዋለሁ። ሰዓዲያ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ግቢያችንን ዞራ ዞራ «ለምን ሁለት ማድቤት አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ላይኛው የእኛ የክርስቲያኖቹ ነው፣ ታችኛው የሰዓዲያና የባሏ የበድሪ ነው። ገንፎው፣ ወተቱና ማሩ አንድ ነው። ሁለት የሆነው ቢላዋው ብቻ ነው» አልኳት። ወዲያው ስልኳ ላይ ጻፈችው። እኛ ስንኖርበት ያላየነውን ነገር ሰው መጥቶ ይጽፈዋል።

ጋሽ በላይነህን ላልሽኝ፣ ዓይኑን ሊታከም አዳማ ልጁ ዘንድ ሄዷል። ከሆሣዕና በፊት ነው የሄደው፤ መቼ እንደሚመለስ አልነገረኝም። ታዲያ ማን አረደልሽ ማለትሽ አይቀርም። እግዜር ሰው አያሳጣም፣ አታስቢ። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ጀምሮልናል፣ ማሽላው ቁርጭምጭሚት ደርሷል፣ የቀዩዋ ላም ጥጃም ጡት ለመጣል እያስቸገረ ነው።

ልጅሽ ሩሐማ


አሰቦት
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሩሐማ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኔ ከጉንፋን በቀር ምንም አልሆንኩም። የአጥሩን ነገር ሰማሁ፣ ጎሽ። የጎተራውንም ሰማሁ፣ ሳቅሁ። ጥጃውን ግን ምን ልበለው? አንቺ ወሬ ስትደብቂ ወሬሽ ይበዛል። ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ፤ እንስራ የሰበርሽ ዕለት ስለ ደመናው ስታወሪኝ ነበር የዋልሽው።

በዳግማይ ትንሣኤ ከጭሮ አስራ አራት ሰዎች እኛ ቤት መጥተው ነበር። እንዴት አወቅሽ እንዳትዪኝ። አንዷ ትናንት ለመሳለም እዚህ መጥታ፣ እናትሽ መሆኔን ስትሰማ እጄን ይዛ ስለ ቅቅሉ አወራችልኝ። «ፍየሉን ማን አረደላችሁ?» አልኳት። «እኛ አላየንም፣ ከጓሮ ታርዶ ነው የመጣው» አለችኝ።

ክው አልኩ። የያዝኩት መቁጠሪያ ከእጄ ወደቀ።

ጋራችን ላይ ከአባትሽ ወዲህ የሚያርድ የተጠመቀ ወንድ በላይነህ ብቻ ነው። ነጋሽ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ዘጠኙንም ዓመት ቢላዋውን የያዘልን እሱ ነው። እሱ አዳማ ከሆነ ያንን ፍየል ማን ባረከው? ሴት እንደማታርድ ታውቂያለሽ። እኛ መንገደኛ ወንድ እስኪያልፍ ዶሮ ታቅፈን መንገድ ዳር ስንቆም ያደግን ነን።

በድሪ አርዶልሽ ከሆነ ንገሪኝ። በድሪ ወንድሜ ነው፤ የአባትሽን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ላይኛው ማድቤት የሚበላ ሰው የክርስቲያን ሥጋ ነው ብሎ አምኖን ነው የሚጎርሰው፤ ታችኛው ማድቤት የሚበላውም እንደዚሁ። በድሪም ቢሆን እንዲህ ያለውን ማታለል አይወድም። ሰው እምነቱን በእጃችን ላይ አስቀምጦ ነው ገበታችን የሚቀርበው።

እውነቱን ጻፊልኝ። በአጭሩ ጻፊ።

እናትሽ ሳህሊቱ


ሂርና ጋራ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ በአጭሩ ጻፊ ብለሽኛል። በድሪ አይደለም። እኔ ነኝ።

አሁን ተቀመጪና የቀረውን አንብቢ።

ሰዎቹ ሳይነግሩ ነው የመጡት። አስራ አራት ናቸው፤ ዘጠኙ ወንዶች። ፍየሉን ከአጥሩ ሥር አስሬ፣ ቢላዋውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ወንዶቹ ሄድኩና «ከእናንተ አንዱ ይባርክልኝ» አልኳቸው። ተያዩ። አንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ደም ሲያይ ይወድቃል። አንዱ «እኔ ዶሮ እንኳ በሱፐርማርኬት ነው የማውቃት» አለኝ። አንድ ጎረምሳ ተነሳ፤ ደስ ሲለኝ ለካ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። ዘጠኝ ወንድ ሙሉ! ጋሽ በላይነህ በዚያ በደፈረሰ ዓይኑ ከዘጠኙ ይሻል ነበር።

ከሂርና ሰው አታስመጪም ወይ ትዪኛለሽ። በፋሲካ ዕለት አስመጥቼ ነበር። አንድ ባለ ጋራዥ ነው። ሰውየው የሚመጣው ለማረድ ሳይሆን ለመጋባት ሆነብኝ፤ ቢላዋውን ሳያነሳ ሽማግሌ ልላክ ወይ ይለኛል። ሽማግሌ እንደማልቀበል ሲያውቅ ለሁለተኛው ጥሪ መንገዱ ጭቃ ነው አለ።

ስለዚህ ለእንግዶቹ ማርና በወተት የፈላ ሆጃ አቀረብኩላቸውና ወደ ጓሮ ዞርኩ። በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። የቀረውን አልጽፍልሽም። ቀና ስል ሰዓዲያ የውሃ ጀሪካን ይዛ ከአጥሩ በር ላይ ቆማለች። ጀሪካኑ ወድቆ ውሃው እግሬ ሥር መጣ። «ያ ረቢ! ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለችና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሙስሊሟ ሰዓዲያ በአንቺ ፋንታ ደነገጠችልሽ። እስከ ምሽት ድረስ አላናገረችኝም። ኋላ ግን ሆጃ በጣሳ ይዛልኝ መጣችና «ጠጪ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ ምንም አላየሁም፣ ወላሂ። ግን አይኔ አይቷል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። በሦስተኛው እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይኼኛው ከሁሉም ይልቅ አስደንግጦኛል።

እማዬ፣ ተቆጪ፣ እርገሚኝም። ግን አንድ ነገር እወቂልኝ። ላይኛው ማድቤት በዚህ በሃምሳው ቀን ካልሠራ ክረምቱን አያልፍም። ሰው ይህን ሁሉ ዳገት ለገንፎ ብቻ አይወጣም። ማድቤቱ ከተዘጋ እኔ ጭሮ ወርጄ የሰው ሆቴል ሳህን አጣቢ ነው የምሆነው፤ የአባዬም ቤት ጎተራ ይሆናል።

ልጅሽ


አሰቦት
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ

ደብዳቤሽን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። አብረውኝ ያሉት እናቶች የሞተ ሰው ተነገራት ብለው ሊያስተዛዝኑኝ መጡ፤ ምን ልበላቸው?

መርገሙን ተይው። እናት ልጇን በወረቀት አትረግምም። ላይኛውን ማድቤት ግን እኔ ሌላ ነገር እስክጽፍልሽ ድረስ ዝጊው። ገንፎና ማር አቅርቢ። የተቀየመ እንግዳ ይሂድ።

አሁን የምጠይቅሽን በትክክል መልሺልኝ። የትኛውን ቢላዋ ነው የያዝሽው? ከአጥሩ በየትኛው ወገን ነው የቆምሽው? ፍየሉን ወዴት አዙረሽ አስተኛሽው? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ ነው ቢላዋው ያረፈው?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህንን ንገሪኝ። ከበላይነህ ጋር ከአጥሩ ወዲያ ገብተሽ አታውቂም፤ ሴት ልጅ እንድትገባ አልፈቅድም ነበር። ታዲያ ማን አስተማረሽ?

እናትሽ


ሂርና ጋራ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ ላይኛውን ማድቤት ዘግቼዋለሁ። ትናንት ከድሬዳዋ የመጡ አስራ አንድ ሰዎች ገንፎ ቀምሰው «ሥጋ የለም?» ብለው ወደ ሂርና ወረዱ። ይኸው ትእዛዝሽ ተፈጸመ።

ቢላዋው ቀንድ እጀታ ያለው የአባዬ ነው። የቆምኩት ከአጥሩ በስተ ምሥራቅ፣ ከጽዱ ሥር ነው። ፍየሉን ወደ ምሥራቅ አዙሬ በግራ ጎኑ አስተኛሁት። ቢላዋው አንድ ጊዜ ብቻ አረፈ።

ማን አስተማረሽ ላልሽው፣ አንቺ ነሽ።

እንዳትደነግጪ ብዬ ይህን ቃል ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ግን ሌላ አጻጻፍ አጣሁለት። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የደመራ ማግስት። አባዬ ሁልጊዜ ሲያርድ ድምፁ እስከ ታችኛው ማድቤት ይሰማ ነበር አይደል? «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» እያለ ጋራውን ያናውጠዋል። እንግዶቹ ወንድ ማለት ይኼ ነው ይሉ ነበር። እኔ ያን ዕለት ከአጥሩ ሥር የዶሮ እንቁላል እፈልጋለሁ። በአገዳው መሐል አየሁ። አባዬ ቆሞ ሰማይ ሰማይ እያየ ይባርካል፤ ሁለት እጆቹ ቅጠል ነፋስ እንዳገኘው ይርገፈገፋሉ። ከሥሩ ተንበርክከሽ ቢላዋውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳረፍሽው። ከዚያ ተነስተሽ ቢላዋውን እጁ ላይ አስያዝሽው፣ የእሱን እጅጌ ደም ቀባሽው፣ የራስሽን እጅ ታጠብሽ። አባዬ ከአጥሩ ወጥቶ እንግዶቹን ሰላም አለ።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እንቁላሎቹ ከቀሚሴ ውስጥ ፈስሰው ደበደብሽኝ፤ ለምን እንደፈሰሱ ግን አልነገርኩሽም። አባዬ እስኪሞት ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር የአንቺ እጅ ይታየኝ ነበር።

አስራ ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ። አንቺም የነገርሽኝ ነገር የለም። ልቆጣሽ አይደለም የጻፍኩት፤ ጠይቀሽኛልና ነው። ገዳም የገባሽው ለዚህ ነው ወይ?

ሩሐማ


አሰቦት
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ከሃያ ቀን በላይ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። አፍሬ ነው። ሰው በስድሳ አራት ዓመቱ ከልጁ ፊት ራቁቱን ሲቆም ምን ይላል? ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ብቻ ነው ያየኝ ብዬ ከእሱ ጋር ለመታረቅ እዚህ መጣሁ። ለካ አንቺ ከአጥሩ ሥር እንቁላል ትለቅሚ ነበር።

ገዳም የገባሽው ለዚህ ነው ወይ ላልሽኝ፣ አዎን። አንድ ጊዜ ጻፍኩት፣ አልደግመውም።

አባትሽን እንዳትንቂው ግን የማታውቂውን ልንገርሽ። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን አንድ ሙክት በቢላዋው ሳተና እንስሳው ቆስሎ አምልጦ ማሽላው ውስጥ ገባ። ስንፈልገው ግማሽ ቀን ፈጀብን። ነጋሽ ማሽላው መሐል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ሁሉ እንግዳ እኛን አምኖ እየመጣ ነው፣ ጎጆዎቹን ገና መሥራታችን ነው። «እኔ ልባርክ፣ አንቺ ጨርሺው። ሰው ከሰማ ግን ነጋሽ እጁ ተሰበረ ይላሉ» አለኝ። በቁልቢ ገብርኤል አስማለኝ። ማልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ አፉን፣ እኔ እጄን አዋጣን።

ሐምሌ 7 ቀን ለሥላሴ ቆብ ልደፋ ተወስኖልኝ ነበር። ቆብ የሚደፋ ሰው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ምንም አያስቀርም። ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቤታችሁ ከሂርና በላይ ያለው ነው? ጽድ ያለበት?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ።»

«ባልሽ በሕይወት ሳለ ቁልቢ በእግሬ ስሄድ ሦስት ዓመት እዚያ በልቻለሁ» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸውም ደነገጡ፤ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ። ከዚያ ግን ምን አሉኝ መሰለሽ? «እኔን የከበደኝ ቢላዋው አይደለም፣ አጥሩ ነው። ሰው ምን እንደሚበላ ሳታውቁት አበላችሁ። ሂጂና የበሉትን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ቆብሽን እሰጥሻለሁ።»

የበላው ስንት ሺህ ሰው ነው? ቢያንስ ግን የሂርና የሥላሴ ማኅበርተኞቻችን በየዓመቱ ይበሉ ነበር፤ ለእነሱ ብናገር ወሬው ለሌላው ይደርሳል። መጥቼ ልንገራቸው? ከተናገርኩ ቤቱ ላይ የሚመጣውን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው። ቤቱ አሁን ያንቺ ነው። ፈቃድሽን እጠይቃለሁ።

እናትሽ


ሂርና ጋራ
ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይኼ አራተኛው ነው፤ ቁጣው አሁንም አለበት፣ ይቅርታ።

ፈቃድሽን ስጪኝ ላልሽው አልሰጥም።

ለማኅበርተኞቹ ጠዋት ብትነግሪያቸው በምሳ ሰዓት ጭሮ ይሰማል፣ ማታ ቦኬ ይደርሳል። እኔ በአንድ እጄ ገንፎ እያገነፋሁ በሌላው የሚጠቁምብኝን የሰው ጣት መቁጠር ነው የሚቀረኝ። ለሐምሌ 19 የቁልቢ መንገደኞች ሰላሳ አንድ ሆነው ቦታ ይዘዋል። ከእነሱም ውስጥ የማኅበርሽ ሰዎች አሉበት። ጾሙ እስከዚያ ይወጣል። ጋሽ በላይነህ አልመለስም ብሎ ልኮብኛል፣ ልጁ ጋ ሊኖር ነው። እነዚህን ሰዎች ካበላሁ ቤቱ ይተርፋል፤ ካላበላሁ አለቀ። እንዴት እንደማበላቸው አትጠይቂኝ።

አባዬስ? ሰው እስከዛሬ ድምፁን ያወራል። አሁን በመቃብሩ ላይ ቆመሽ «ድምፁ ብቻ ነበር» ልትዪ ነው? አስምሎሽ የለም ወይ? አንቺ ነጭ ቆብ ደፍተሽ በሰላም ትጸልያለሽ፣ እኔ እዚህ ከነስማችሁ እቀራለሁ።

ይህን መጻፌ ራሴን አስደንግጦኛል። ግን አልሰርዘውም።

ሩሐማ


አሰቦት
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እሺ።

አልናገርም። ቆቡንም አልወስድም፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ሐምሌ 7 ሌሎቹ እናቶች ሲደፉ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። እዚህ ውሃ መቅዳትም ጸሎት ነው ይላሉ፣ ጉልበቴ ከጸና አልከፋም። አንቺን ለማሳዘን አይደለም የምጽፈው። ለራሴ ክብር ብዬ የልጄን እንጀራ አልነካም።

አጥሩንም ማድቤቱንም አንቺ እንዳልሽ አድርጊ። በአንድ ነገር ብቻ ልቤ ይጽናናል። እኔ ያረድኩትን እኔም በልቼዋለሁ፣ አባትሽም በልቷል፣ አንቺም ከዚያው በልተሽ አድገሻል። ለራሳችን ያልወደድነውን ለእንግዳ አላቀረብንም። እግዚአብሔር ሲጠይቀኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ሰዓዲያን ሳሚልኝ። ለጉልበቷ ጥቁር አዝሙድ በቅቤ ትሸው።

እናትሽ ሳህሊቱ


ሂርና ጋራ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለሳህሊቱ

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ ለንስሐ አባትሽ አሳዪያቸው። ቆብሽን አሁኑኑ ይስጡሽ። እኔ ተናግሬዋለሁ።

ሐሳብሽን ምን አስለወጠሽ ማለትሽ አይቀርም። ያለፈው ደብዳቤሽ ነው። «አንቺም ከዚያው በልተሽ አድገሻል» ያልሽውን ሳነብ ወረቀቱን ጣልኩት። እማዬ፣ አልበላሁም። ከዚያ ከደመራ ማግስት ጀምሮ ከቤታችን ሥጋ አንድ ጉርሻ በጉሮሮዬ አልወረደም። አንቺ እንግዳ ስታስተናግጂ እኔ ሰዓዲያ ዘንድ እንጀራ በአብሽ ሁልበት እበላ ነበር፤ ስትጠይቂኝ «በልቻለሁ» እልሽ ነበር። ያጎረስሽኝን አፌ ውስጥ ይዤ ወጥቼ ለውሻው ሰጥቻለሁ። ሴት ያረደችው አይበላም ብዬ አምኜ ነበር። ጋሽ በላይነህ ማረድ ከጀመረ በኋላም አፌ እንቢ ብሎኝ ቀረ። ከዚያ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ራሴ አርጄ፣ ራሴ ቀቅዬ ለአስራ አራት ሰው አቀረብኩ፤ እኔ ግን አልቀመስኩም። አንቺ ያመንሽበትን አበላሽ። እኔ ያላመንኩበትን ነው ያበላሁት። ከሁለታችን ቆብ የሚከለከለው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝና ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ትናንት ሰላሳ አንዱም መጡ። ከጭሮም ከሂርናም፣ ከማኅበርተኞችሽም አምስት። የአገዳውን አጥር ጠዋት አፍርሼው ነበር። በድሪ ምን እንደማደርግ ሲሰማ መዶሻ አምጥቶ ካስማዎቹን ነቀለልኝና ለእንግዶቹ ፈረስ ውሃ ሊያጠጣ ወረደ። ሰዓዲያ ግን አልሄደችም። «አቦ፣ እኔ መጀመሪያም አይቻለሁ» ብላ አጠገቤ ቆመች።

ሰዎቹን ከመቀመጣቸው በፊት ጽዱ ሥር ሰበሰብኳቸው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ዛሬ የማርደው እኔ ነኝ። በዳግማይ ትንሣኤም ያረድኩት እኔ ነኝ። ከጋሽ በላይነህ በፊት ስምንት ዓመት ያረደችላችሁ እናቴ ናት። አባቴ ይባርክ ነበር፤ እጁ ታሞ ነበር። ሳንነግራችሁ አብልተናችኋልና ይቅር በሉን። የምትበሉ ቆዩ፣ የማትበሉ ገንፎና ሆጃ አለ፣ መሄድ የምትፈልጉም በሰላም ሂዱ» አልኩ።

ምን አሉ ትዪኛለሽ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ያልሰማ መስሎት ጎኑ ያለውን «ምን አለች? ምን አለች?» ይለዋል። የማኅበራችሁ ሊቀመንበር ጋሽ ህሩይ መጀመሪያ ተነሱ። ልጅ ሆኜ ደስታ ከረሜላ የሚሰጡኝ ሰው። «በነጋሽ ቤት!» አሉ፤ ጋቢያቸውን አራግፈው ዳገቱን ወረዱ። ከኋላቸው ሰው ተከተለ። እየቆጠርኩ ነበር፣ አስራ ዘጠኝ ላይ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አቆምኩ። ከሄዱት ውስጥ ሦስቱ ከግቢው በር ተመልሰው ገንፎ ጠየቁ፤ እነሱንም ሰጠሁ።

ዘጠኝ ሰው ቆየ። ከእነሱ አንዷ የማኅበርሽ እማማ ኑሃሚን ናቸው። ወደ እኔ መጥተው ቢላዋውን ተቀበሉኝና ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ ዶሮ አልበላሁም፣ የሚያርድልኝ አጥቼ» አሉ። ከሞቱ ስንት ዓመታቸው ነው አልኳቸው። አስራ አራት ዓመት አሉኝ። አስራ አራት ዓመት ሙሉ በፋሲካ ሽሮ! ክው ብዬ አየኋቸው።

በሰው ፊት አረድኩ። አባዬን ለመምሰል ጮኼ ልባርክ ነበር፤ ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ አረፈ።

ቤቱስ ላልሽኝ፣ አልተዘጋም፤ ግን ግማሽ ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ቦታ የያዙ ደውለው ቀርተዋል፤ አንዲት ደግሞ ስድስት ሴቶች ነን እንምጣ ወይ ብላ ደውላለች። ክረምቱን እንዴት እንደማልፈው አላውቅም። አራቱን ጎጆዎች ወደ ሁለት አሳንሼ ማሽላውን ራሴ አርማለሁ።

ገበታው ሲቀርብ ከዘጠኙ ጋር አስረኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሰዓዲያ ከታችኛው ማድቤት በር ላይ ሆና ታየኛለች። እጄን ታጥቤ፣ አማትቤ፣ ከቅቅሉ አንድ ቁራጭ አነሳሁና በላሁ። እማዬ፣ በድንጋጤ ማኘኬን አቆምኩ። ጨው የለውም!

አንቺ ከሄድሽ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለስንት ሰው ያን ቅቅል አቅርቤያለሁ። እኔ አልቀምሰውም፣ ሰዓዲያም አትቀምሰውም። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» እያለ በላ፣ ሚጥሚጣ ጨምሪልን ሲሉኝም ቅመም የሚወዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም። ስታስተምሪኝ ለአንድ ፍየል አንድ እፍኝ ብለሽ በእጅሽ ነበር ያሳየሽኝ። እኔም በእጄ አንድ እፍኝ ስጨምር ነበር። እጅሽ ከእጄ ይህን ያህል እንደሚበልጥ አላሰብኩም። ከእንግዲህ አንድ እፍኝ ተኩል አደርጋለሁ።

ልጅሽ ሩሐማ